መቶ ከመቶ የደበቀው፦ አቅሟን የሚፈትን ትምህርት ያላገኘች ተማሪ የጉዳይ ጥናት

ይህ ጽሑፍ በእኛ ቤትና ልጃችን በምትማርበት ትምህርት ቤት መካከል በአንድ የትምህርት ዘመን ውስጥ የሆነውን ይዘግባል። ባለጉዳይዋ ያን ጊዜ የዘጠኝ ዓመት ልጅ የነበረችና አራተኛ ክፍል የምትማር ሴት ልጃችን ናት። በአንድ ክፍል የሚበልጣት ታላቅ ወንድም አላት፤ ይህን ከወዲሁ የጠቀስኩት ኋላ ላይ አንድ ትልቅ ውሳኔ በከፊል በእሱ ምክንያት ስለተወሰነ ነው። የልጆቹን፣ የመምህራኑንና የትምህርት ቤቱን ስም ትቻለሁ። ማስታወሻ መያዝ የጀመርኩት ለጽሑፍ ብዬ ሳይሆን መምህርቷ ፊት ስቀርብ የምናገረው እንዳይጠፋኝ ነበር፤ ከዚህ በታች የሰፈሩት ደቂቃዎችና ቁጥሮች ከዚያ ማስታወሻ የተወሰዱ ናቸው።

ነገሩ የታወቀበት ምሽት

ልጃችን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከክፍሏ አንደኛ ስትወጣ ነው የኖረችው። በአራተኛ ክፍል የመጀመሪያዎቹ ወራት ከተሰጧት አምስት የሒሳብ ፈተናዎች አምስቱንም መቶ ከመቶ አምጥታለች። እንዲህ ያለ ውጤት የያዘ ወላጅ ትምህርት ቤት ሄዶ አቤት የሚልበት ምክንያት የለውም፤ ለእኛም አልታየንም ነበር።

አንድ ምሽት ወንድሟ ከጓደኛው የሰማውን ጥያቄ ይዞ መጣ። ከ1 እስከ 100 ያሉትን ቁጥሮች በሙሉ ብንጽፍ 9 የሚለውን አሃዝ ስንት ጊዜ እንጽፈዋለን የሚል ነበር። እሷ ጥያቄው ተነግሮ ሳያልቅ «አሥር!» አለች። «አይደለም» ሲላት «አሥራ አንድ» አለች፤ ደግሞ «አይደለም» ሲላት ፊቷ ተለዋወጠና ጥያቄው ራሱ ስሕተት ነው ብላ እርሳሷን ጠረጴዛው ላይ ጥላ ተነሣች። መኝታ ክፍል ገብታ ስታለቅስ ያገኘቻት እናቷ ናት፤ «ለካ ጎበዝ አይደለሁም» ነበር ያለቻት። በሒሳብ ከ75 በላይ አምጥቶ የማያውቀው ወንድሟ በበኩሉ ወረቀት አውጥቶ ቁጥሮቹን በየአሥር በየአሥሩ እየደረደረ፣ ሁለቴ ተሳስቶ ሁለቴ እየሰረዘ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ 20 ላይ ደረሰ። አሥሩ ዘጠኞች በአንድ ቤት፣ አሥሩ ደግሞ በአሥር ቤት እንደሚገኙ፣ 99 ሁለቱም ዘንድ እንደሚቆጠር እየሳቀ አስረዳኝ።

ያስደነገጠኝ መሳሳቷ አልነበረም። መልሱ ወዲያው ሳይመጣላት ሲቀር ምን እንደሚደረግ አለማወቋ ነበር። እርሳስ ይዞ መሞከር፣ መደርደር፣ መቁጠር፣ ሰርዞ እንደገና መጀመር ለእሷ የተማሪ ሥራ ሳይሆን የሰነፍ ተማሪ ምልክት ነበር፤ በአራት ዓመት ትምህርቷም ይህን እንድታደርግ ያስገደዳት አንድም ቀን አልነበረም። ወንድሟ ግን ትምህርት ሁልጊዜ ትንሽ ስለሚከብደው ይህን ሙያ ሳይወድ በግዱ ተምሮታል።

የአራት ሳምንት ማስታወሻ

በማግስቱ ትምህርት ቤት ለመሄድ ተነሥቼ ነበር፤ ባለቤቴ ከለከለችኝ። «ምን ልትላቸው ነው? አለቀሰች ልትላቸው ነው?» አለችኝ። ስለዚህ አንድ ደብተር ከፍቼ ለአራት ሳምንት በየምሽቱ ሦስት ነገሮችን መጻፍ ጀመርኩ፦ የሒሳብ የቤት ሥራው ስንት ደቂቃ ወሰደባት፤ ስንት ጥያቄ ነበረው፤ ከእነዚያ ውስጥ በስንቱ ላይ ቆም ብላ አሰበች ወይም ሰረዘች። ልጅቷ እንደምትቆጠር እንዳታውቅ ራቅ ብዬ እቀመጥ ነበር።

በሃያ ምሽት 186 ጥያቄዎች ሠርታለች። የቤት ሥራው በአማካይ 12 ደቂቃ ፈጅቶባታል፤ መምህርቷ የመደቡለት ጊዜ ግማሽ ሰዓት ነው። ቆም ያለችባቸው ጥያቄዎች ሦስት ናቸው፤ ከሦስቱ ሁለቱ ደግሞ በኅትመት ስሕተት ምክንያት የማይገቡ ነበሩ። በሌላ አነጋገር፣ በአንድ ወር ውስጥ ልጄን ቆም ብላ እንድታስብ በማድረግ ከትምህርቱ ይልቅ የማተሚያ ቤቱ ግድፈት ይበልጣል።

የክፍል ሥራ ደብተሯን ስገልጥ ሌላም ነገር አየሁ። የየገጹ ዳር በእርሳስ በተሣሉ ጥቃቅን አበቦች የተከበበ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ገጾች አንድ ሁለት የነበሩት እየበዙ ሄደው በሁለተኛው ወር ኅዳጉን ሞልተውታል። ስጠይቃት «የጨረሰ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ይባላል፤ እኔ ግን አበባ እሥላለሁ» አለችኝ። አንዳንድ ቀን ደግሞ የሌሎችን ልጆች ደብተር እንድታርም ይሰጣታል። ለጓደኛ ማስረዳት የራስን ዕውቀት እንደሚያጠራ አልክድም፤ የእሷ ግን ማስረዳት ሳይሆን ትክክልና ኤክስ ማድረግ ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ የመቶ ከመቶ ነገር መታየት አለበት። እስከ 50 ኪሎ ብቻ በሚለካ ሚዛን ላይ 60 ኪሎም ሆነ 90 ኪሎ ቢወጣ መርፌው የሚቆመው 50 ላይ ነው። የክፍል ፈተናም እንደዚሁ ልጁ የክፍሉን ትምህርት መያዙን ይናገራል እንጂ ከዚያ በላይ የት እንደደረሰ፣ በዚያ ዓመት አዲስ ነገር ይማር አይማር አይናገርም። በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጁሊያን ስታንሊ እ.ኤ.አ. በ1971 ጥናታቸውን ሲጀምሩ ያደረጉት ይህንኑ ሚዛን መቀየር ነበር። በክፍላቸው ፈተና ሁሉም ጫፍ ላይ የተኮለኮሉ የ12 እና የ13 ዓመት ልጆችን ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ የተዘጋጀውን የሒሳብ ፈተና አስፈተኗቸው፤ አንድ ዓይነት ይመስሉ የነበሩት ልጆች እጅግ የተራራቀ ውጤት አመጡ። እኛ እንዲህ ያለ ፈተና አላስፈለገንም፤ ሐሳቡ ግን አገልግሎናል፤ ልጁ ከያዘው በላይ እስኪጠየቅ ድረስ ወሰኑ አይታወቅም።

የሶቪየቱ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሌቭ ቪጎትስኪ እ.ኤ.አ. በ1934 ከመሞታቸው በፊት የተዉት ትምህርትም ከዚህ አይርቅም። ልጁ ብቻውን የሚሠራው አለ፤ ቢታገዝም የማይሠራው አለ፤ በሁለቱ መካከል በሰው እገዛ የሚደርስበት ክልል አለ፤ ትምህርት ፍሬ የሚያፈራው በዚህ መካከለኛ ክልል ነው። የእኔ ማስታወሻ ልጄ በወር ውስጥ ወደዚህ ክልል የገባችው አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑን ያሳየ ነበር።

ሁለት ንግግሮች

ከመምህርቷ ጋር ያደረግኩት የመጀመሪያ ንግግር አልተሳካም፤ ጥፋቱም በአብዛኛው የእኔ ነበር። ማስታወሻውን ሳልጨርስ፣ ባለቤቴ የመከረችኝን ረስቼ፣ በሁለተኛው ሳምንት በመውጫ ሰዓት በር ላይ አገኘኋቸው። ሌሎች ወላጆች ከኋላዬ ቆመው እየጠበቁ «ትምህርቱ ለልጄ በጣም ቀሏታል፤ ትሰለቻለች» አልኩ። መምህርቷ በትሕትና ሰሙኝና «እርስዎ ስለ አንደኛዋ ይነግሩኛል፤ እኔ ግን ማባዛት ገና ያልያዘላቸው አሥራ አምስት ልጆች አሉኝ። የእርስዎ ልጅ እኮ ምንም አልጎደላትም» አሉኝ። 48 ልጆች ለሚያስተምር ሰው ይህ መልስ ተገቢ ነበር። በማግስቱ ልጄ አርባ የማባዛት ጥያቄዎች ያሉበት ተጨማሪ ወረቀት ይዛ መጣች። በአሥራ ስምንት ደቂቃ ጨርሳ ቀና አለችና «አባዬ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» አለችኝ።

ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ አልነበረኝም። ከምታውቀው ነገር ሲበዛባት እንደ ቅጣት ቆጠረችው፤ ልክም ነበረች። «ተጨማሪ ሥራ ይሰጣት» የሚለው ልመና ከወላጆች አፍ በብዛት የሚሰማ ነው፤ መምህሩም በቀላሉ የሚፈጽመው ይህንኑ ነው፤ ልጁ ግን የሚያገኘው ያው የቀለለ ሥራ በእጥፍ ተመዝኖ ነው። «ትሰለቻለች» የሚለው ቃልም ከዚያ ወዲህ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። መምህርን ይወቅሳል፤ የሚደረግ ነገርም አይጠቁምም፤ ደግሞም ልጆች በብዙ ምክንያት ይሰለቻሉ።

ለሁለተኛው ንግግር ቀጠሮ ያዝን። አራቱ ሳምንት አልቆ ማስታወሻውንና የልጅቷን ደብተር ይዘን፣ ባለቤቴም አብራኝ፣ መምህርቷ ነጻ ክፍለ ጊዜ ባላቸው ቀን ሄድን። «ጎበዝ ናት» አላልንም፤ አበቦቹን አሳየናቸው። ገጽ እየገለጡ ሲያዩ ቆይተው ፈገግ አሉና «እኔ ጽሕፈቷ ሲያምር ጥንቃቄ መስሎኝ ነበር» አሉ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅን፤ በሚቀጥለው ሳምንት የክፍልፋይ ምዕራፍ ይጀመራልና የምዕራፉን ማጠቃለያ ፈተና ትምህርቱ ሳይጀመር በፊት ያስፈትኗት። ጥያቄው ትንሽ፣ ወጪው አንድ ወረቀት፣ ውጤቱም መምህርቷ ራሳቸው አርመው የሚያዩት ነበር። ካልተሳካላት የእኛ ነገር እዚያው ይዘጋል አልናቸው።

መምህርቷ ከጠየቅነው በላይ አደረጉ፤ ፈተናውን ለክፍሉ ሁሉ ሰጡት። ለምን እንደዚያ እንዳደረጉ ኋላ ስጠይቃቸው «ለአንድ ልጅ ብቻ ብሰጥ ነገ ሃያ ወላጅ በሬ ላይ ይቆማል» አሉኝ። ከ48ቱ ስድስቱ ከ80 በላይ አመጡ። ከስድስቱ ሁለቱ በክፍሉ ውስጥ ማንም ትኩረት የማይሰጣቸው፣ ደረጃቸው ከ20 በታች የሆነ ልጆች ነበሩ። የእኛ ልጅ 84 አገኘች። የሳተችው የተለያየ ታሕት ያላቸውን ክፍልፋዮች መቀነስና በዓረፍተ ነገር የቀረቡ ጥያቄዎችን ነበር። ስለዚህ ሁሉንም ታውቃለች የሚለው የእኛ እምነትም፣ ምንም አልጎደላትም የሚለው የመምህርቷ እምነትም በአንድ ወረቀት አብረው ወደቁ።

የኋላ ወንበር

የሚታወቀውን ክፍል አሳጥሮ የተረፈውን ጊዜ ለሌላ ሥራ ማዋል አዲስ ዘዴ አይደለም፤ አሜሪካዊው የትምህርት ተመራማሪ ጆሴፍ ሬንዙሊና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሲያስተምሩት የኖሩት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሳሊ ሪስ የመሩት የአሜሪካ ጥናት፣ መምህራን ለተመረጡ ልጆች ከመደበኛው ትምህርት ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነውን ቢተዉላቸው የልጆቹ የፈተና ውጤት እንደማይቀንስ አሳይቷል። መምህርቷ ይህን ጥናት አላነበቡም፤ እኔም ያን ጊዜ አላነበብኩትም። በራሳቸው ዘዴ ግን እዚያው ደረሱ። በሳምንት ከሚሰጡት አምስት የሒሳብ ክፍለ ጊዜያት በሁለቱ ስድስቱ ልጆች የኋላ ወንበር ላይ ተሰብስበው ሌላ ሥራ ይሠራሉ፤ በሦስቱ ከክፍሉ ጋር ይማራሉ፤ የሳቱት ነገር ሲሰጥ ደግሞ ማንም አይቀርም። ለእኛም አንድ ሕግ አወጡልን፤ ከቤት የተዘጋጀ የጥያቄ ወረቀት እንዳንልክ።

የመጀመሪያው ሥራ አንድ መስመር ነበር፦ ከ1/2 የሚበልጥና ከ2/3 የሚያንስ ክፍልፋይ ፈልጉ። ልጄ ላዕልን ከላዕል፣ ታሕትን ከታሕት ደምራ 3/5 ብላ ጻፈች። ክፍልፋይ እንዲህ እንደማይደመር ማንኛውም መምህር ያውቃል፤ ቀይ እስክሪብቶ የሚፈልግ ስሕተት ነው። ይሁን እንጂ 3/5 በእርግጥ በሁለቱ መካከል ነው። መምህርቷ ወረቀቱን አይተው ኤክስ አላደረጉም፤ ከሥሩ «ሁልጊዜ ይሠራል?» ብለው ጽፈው መለሱላት። በዚያ ዓመት ልጄ ካገኘቻቸው ነገሮች ሁሉ ይህ አንድ የእጅ ጽሑፍ ይበልጥብኛል። ስሕተቷን አላጸደቀም፤ አላወገዘምም፤ ሥራ አደረገው።

ቤት መጥታ ጠየቀችኝ። እኔም ለረጅም ጊዜ አሰብኩና «አላውቅም» አልኳት፤ እውነቴን ነበር። ልጄ በአባቷ አለማወቅ እንዲህ ደስ ሲላት አይቼ አላውቅም። በ1/3 እና 1/2 ሞከረች፤ 2/5 መጣ፤ ሠራ። በ3/4 እና 5/6 ሞከረች፤ 8/10 መጣ፤ እሱም ሠራ። ወደ አሥራ አምስት የሚሆኑ ጥንዶች ሞክራ አንዱም አልከሸፈባትም፤ ለምን እንደሚሠራ ግን አልገባትም። ሁለት ሳምንት እንዲሁ ቆየች። በሦስተኛው ሳምንት መፍትሔው ከወንድሟ የጥያቄና መልስ ውድድር መጣ። «በመጀመሪያው ዙር ከ2 ጥያቄ 1 ብመልስ፣ በሁለተኛው ዙር ከ3 ጥያቄ 2 ብመልስ፣ በአጠቃላይ ከ5 ጥያቄ 3 መልሻለሁ» አለችኝ። «አጠቃላዩ ከመጥፎው ዙር ይሻላል፣ ከጥሩው ዙር ግን ያንሳል፤ ሌላ ሊሆን አይችልም!» ይህ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ማስረጃ ነው፤ ከዚያ በኋላ እኔ በአልጀብራ የጻፍኩት ማረጋገጫም ከዚህ የበለጠ ምንም አልነገረኝም።

ቤታችን ያልተዘጋጀበት

እስካሁን የተተረከው ነገሩ በሰላም ያለፈ ሊያስመስለው ይችላል። በመካከሉ ግን ልንተወው የደረስንበት ሳምንት ነበር።

የኋላ ወንበሩ ሥራ ይታረማል፤ ነጥቡም ከመደበኛው ጋር ይደመራል። የልጄ ሁለተኛ ሥራ ከ10 6 ተሰጠው። ወረቀቱን አላሳየችንም፤ ስንጠይቃት «ገና አልተመለሰልንም» አለች። ከሦስት ቀን በኋላ እናቷ አንሶላ ስትቀይር ፍራሹ ሥር አገኘችው። ልጃችን ዋሽታን አታውቅም ነበር፤ እንድትዋሽ ያደረጋት 6 የሚል ቁጥር ነው። በዚያው ሰሞን አያቷ የወሩን ውጤት አይተው «ልጅቷን ምን ነካት? ያላመማትን ልጅ አሳመማችኋት» አሉ። እኔም ሥራው ይቅር፣ ወደ ነበረችበት ትመለስ ወደሚለው አዘነበልኩ። ትምህርት ቤቱን ስጎተጉት የቆየሁት እኔ፣ ውጤቱ ሲመጣ መጀመሪያ ያፈገፈግኩትም እኔ ነኝ። የጸናችው ባለቤቴ ናት፤ «ሲከብዳት ልናነሣላት ከሆነ ምን ፍለጋ ሄድን?» አለችኝ።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተሙት ጥናት ስለዚህ ፍራሽ የተጻፈ እስኪመስለኝ ድረስ ይገጥማል። የአምስተኛ ክፍል ልጆች አንድ ሥራ ከሠሩ በኋላ ከፊሎቹ ብልህ በመሆናቸው፣ ከፊሎቹ በጥረታቸው ተመሰገኑ፤ ቀጥሎ ከበድ ያለ ሥራ ተሰጣቸው። በብልህነታቸው የተመሰገኑት ቶሎ ተስፋ ቆረጡ፤ ሥራውም አስጠላቸው። ያገኙትን ነጥብ ለማያውቁት ልጅ እንዲጽፉ ሲጠየቁም ከሌላው ቡድን ይበልጥ ከፍ አድርገው የጻፉት እነሱ ናቸው። የምስጋና አነጋገር በረጅም ጊዜ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከሩበታል፤ እኔ ግን በቤታችን ስለተባለው አልከራከርም። እኛ ለአራት ዓመት በየፈተናው ማግስት «ጎበዝ!» ስንላት ኖረናል። ይህ ቃል፣ የጎበዝ አለቃ ሲባል እንደምንሰማው፣ ጥንት ለብርቱና ለደፋር ሰው የሚነገር ነበር፤ በትምህርት ቤት አካባቢ ግን ሳይደክም የገባው ማለት ወደ መሆን ደርሷል። ልጃችን የያዘችው ይህን ሁለተኛውን ትርጉም ነው፤ በእሱ ሚዛን ከ10 6 ያገኘ ጎበዝ የለም።

ስለ ውሸቱ አልቀጣናትም፤ ወረቀቱን እንዳገኘነው ነግረን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋነው፤ አራቱ ነጥቦች የት እንደጠፉ አብረን ፈለግን። ከዚያ ምሽት በኋላ «ስንት አገኘሽ?» የሚለው ጥያቄ ከቤታችን ወጣ፤ በምትኩ «ዛሬ የት ላይ ተያዝሽ?» መጠየቅ ጀመርን። መጀመሪያ ላይ ይህም እንደ ምርመራ ሆኖባት ስለነበር እኔ ራሴ በሥራዬ የተያዝኩበትን ቀድሜ መንገር ነበረብኝ። ሌላው ልማድ የሩብ ሰዓት ደንብ ነው፤ በአንድ ጥያቄ ላይ አሥራ አምስት ደቂቃ ሳትሞክር ማንም አይረዳትም፤ ከዚያ በኋላም እርዳታው በጥያቄ ነው፦ ምን ሞከርሽ፣ ሥዕል ይሣላል ወይ፣ ቁጥሮቹ ቢያንሱስ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እንባ ነበረባቸው። እርሳስ የተጣለበት የመጨረሻው ቀን በማስታወሻዬ ከፍራሹ ነገር በኋላ በሃያ ስድስተኛው ቀን ተመዝግቧል።

ክፍል የመዝለል ጉዳይ

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት መጀመሪያ ምክትል ርእሰ መምህሩ ጠርተውን ልጅቷ በዚሁ ዓመት ወደ አምስተኛ ክፍል ብትዘልስ አሉን። አያቷ ደስ አላቸው፤ እኔም ልቤ ሞቀ። ክፍል መዝለል ልጅን ከእኩዮቹ ነጥሎ ይጎዳል የሚለው ፍርሃት ከማስረጃው እጅግ የበለጠ ነው፤ ለተገቢው ልጅ በተገቢው ጊዜ ሲደረግ በትምህርት ይጠቅማል፤ በማኅበራዊ ኑሮም የተፈራው ጉዳት በአብዛኛው አይታይም። ጥያቄው የእኛ ልጅ ተገቢዋ ልጅ ናት ወይ የሚል ነው።

ለዚህ ውሳኔ ከተዘጋጁት መመዘኛዎች የታወቀው በአሜሪካ የተዘጋጀው የአዮዋ መመዘኛ ሲሆን፣ ሌላው ሁሉ ቢሟላ እንኳ መዝለሉን የሚያግዱ ጥቂት ነጥቦች አሉት። አንዱ ልጁ የሚዘልበት ክፍል ውስጥ ወንድም ወይም እኅት መኖሩ ነው፤ ሌላው ልጁ ራሱ አለመፈለጉ ነው። ወንድሟ አምስተኛ ክፍል ነው። ታናሽ እኅቱ መጥታ አጠገቡ ብትቀመጥና በሒሳብ ብትበልጠው ምን እንደሚሰማው ለመገመት መመዘኛ አያስፈልግም። እሷንም ስንጠይቃት «የኋላ ወንበሩስ?» አለች፤ ሌላ መልስ አልሰጠችም።

ሦስተኛውን ምክንያት ያገኘነው በአጋጣሚ ነው። በቋንቋ ትምህርት ውጤቷ 98 ነበር፤ ጥያቄዎቹ ግን በምንባቡ ውስጥ በግልጽ ያለውን ማውጣት ብቻ የሚጠይቁ ናቸው። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ረዘም ያለ ታሪክ አስነብበው ባለታሪኩ ለምን ዝም እንዳለ ሲጠይቋት፣ ዝም ያለበትን ገጽ አውጥታ አሳየቻቸው እንጂ ምክንያቱን መናገር አልቻለችም። 98ቱም የሚዛን ጫፍ ኖሯል፤ ይኼኛው ግን የሸፈነው ብርታትን ሳይሆን ጉድለትን ነበር። ባለችበት ክፍል እንድትቆይ፣ የሒሳቡ ዝግጅት እንዲቀጥል፣ በንባብ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ከኃላፊው ጋር እንድትወያይ ተስማማን።

ዓመቱ ሲያልቅ

የኋላ ወንበሩ ቋሚ ማዕረግ አልሆነም። ልጄ ለምን አልገባም ያለ አንድ ወላጅ ቅሬታ ካቀረበ በኋላ መምህርቷ በየምዕራፉ መጀመሪያ ቅድመ ፈተናውን ለሁሉም እየሰጡ ቡድኑን እንደ አዲስ ያዋቅሩት ጀመር። በጂኦሜትሪ ምዕራፍ የእኛ ልጅ 52 አገኘችና ከቡድኑ ወጣች። እንደገና ታለቅሳለች ብለን ስንፈራ «ይሄ አዲስ ነው፤ አላውቀውም ነበር» ብላ ፕሮትራክተሯን ፍለጋ ሄደች። ከመጀመሪያዎቹ ስድስት ልጆች ሁለቱ ሥራው በዝቶብናል ብለው በራሳቸው ፈቃድ ወጥተዋል፤ ከመካከለኛዎቹ ተማሪዎች አንዱ በሦስት ምዕራፎች ገብቷል።

ያልተሳካም አለ። በሳይንስ ትምህርት ምንም አልተለወጠም፤ መምህሩ ለጥያቄያችን ጊዜ አልነበራቸውም፤ እኛም ሁለት ግንባር መክፈት አልፈለግንም። የኋላ ወንበሩ የቆመውም በአንዲት መምህርት በጎ ፈቃድ ላይ እንጂ በትምህርት ቤቱ ደንብ ላይ አልነበረም፤ እሳቸው በታመሙበት ሳምንት ልጆቹ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ልጃችን በዓመቱ መጨረሻ አራተኛ ወጣች። ካርዱን ለአያቷ ያሳየቻቸው ራሷ ናት።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ለአምስተኛ ክፍል መምህሯ የሚሰጥ አንድ ገጽ ከመምህርቷ ጋር አዘጋጀን። ገጹ ደረጃዋን አይጠቅስም፤ በቅድመ ፈተናዎቹ ያወቀችውንና ያላወቀችውን፣ ስትያዝ ምን እንደምታደርግ፣ የትኛው እርዳታ እንደሚበጃት፣ በንባብ የት ላይ እንዳለች ይዘረዝራል። ወንድሟ ገጹ ሲጻፍ ከጎን ቆሞ ያነብ ነበርና «ለእኔስ ማን ይጽፍልኛል?» አለ። የአምስተኛ ክፍል ደብተሩን አመጣን፤ ኅዳጉ ላይ አበባ የለም፤ የተሰረዘና እንደገና የተሠራ ብዙ ነው። ከዚያ በፊት ቀዩን እስክሪብቶ ብቻ እናይ ነበር፤ ያን ምሽት የተሰረዙትን አንድ በአንድ ማንበብ ጀመርን። የእሱ ገጽ ገና ግማሹ ባዶ ነው።